የተተረጎመ ጽሑፍ ኮምፒውተርን ቋንቋ የሚያስተምረው እንዴት ነው?

«አዝመራ ደረሰ» ሲባል በጥቅምት ወር የሚሰማ አርሶ አደር ማጭዱን ማዘጋጀት ይጀምራል። እነዚሁ ሁለት ቃላት በስብሰባ ተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ ተጽፈው ቢገኙ ግን አንባቢው የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ሰው ይህን የሚለየው ሳይጨነቅ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ፊደላት በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የተደረደሩባቸው ጽሑፎች ናቸው፤ አንዱ የሰብልን መድረስ፣ ሌላው የሰውን ስም እንደሚያመለክት የሚያውቀው ከሰው የመነጨ መረጃ ሲያገኝ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የቋንቋ ምሁራንን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ይሁንና ስለ ሰብል በሽታ፣ ስለ ገበያ ዋጋ ወይም ስለ መሬት ይዞታ ሕግ በእጅ ስልክ ጠይቆ መልስ ማግኘት በሚቻልበት በዚህ ዘመን፣ ማሽኑ አማርኛን በትክክል መረዳቱ የማሳና የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። «ለስንዴዬ ምን መድኃኒት ልርጭ?» ብሎ የጠየቀ አርሶ አደር የዋግ በሽታ መከላከያ ሲፈልግ ፀረ አረም ቢነገረው፣ ጉዳቱ የሚታየው በማሳው ላይ ነው።

ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚማርባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ከሌሎቹ ያነሰ ገንዘብና ባለሙያ በሚጠይቀው፣ እንደ አማርኛ ላሉ ቋንቋዎችም ተስፋ በሚሰጠው መንገድ ላይ ነው። ይኸውም በሁለት ቋንቋዎች የተጻፈን አንድ ሐሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲማርበት ማድረግ ነው።

በእጅ የሚሠራው ምልክትና ዋጋው

ኮምፒውተርን ቋንቋ ለማስተማር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ዘዴ፣ ባለሙያ ተቀምጦ ጽሑፉን ቃል በቃል እያነበበ መለያ ምልክት እንዲሰጥበት ማድረግ ነው። «ገበሬው ስንዴውን ሸጠ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብንወስድ፣ ባለሙያው «ገበሬው» ከሚለው ቃል ሥር «ስም፣ ባለቤት»፣ «ስንዴውን» ከሚለው ሥር «ስም፣ ተሳቢ»፣ «ሸጠ» ከሚለው ሥር ደግሞ «ግስ» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮችን ካየ በኋላ ምልክት ያልተደረገበትን አዲስ ጽሑፍ በራሱ መተንተን ይጀምራል።

ሥራው አድካሚ ነው። ሠራተኞቹ የቋንቋውን ሰዋስው ጠንቅቀው ማወቅ አለባቸው፤ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ቃል ላይ ሳይስማሙ የሚቀሩበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። በአገራችን ከተሠሩት ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የተከናወነው ነው። በዚህ ሥራ ከዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል የተወሰዱ 1,065 የአማርኛ ዜናዎች፣ ወደ 210,000 የሚጠጉ ቃላት፣ የቃል ክፍላቸው በእጅ ተለይቶ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ የዓረፍተ ነገርን አወቃቀር ጭምር የሚያሳይ፣ 1,074 የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች የያዘ ሌላ ስብስብ ተዘጋጅቷል።

እነዚህ ሥራዎች ትልቅ ዋጋ ያላቸው ናቸው። ነገር ግን ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸሩ መጠናቸው ጥቂት ነው፤ ለእንግሊዝኛ ገና በ1990ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከአንድ ጋዜጣ ብቻ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ቃላት አወቃቀራቸው ተተንትኖ ቀርቧል። አማርኛ የደረሰበትን ያህል እንኳ ያልደረሱ የአገራችን ቋንቋዎችም ብዙ ናቸው።

በግብርናው ቋንቋ ብንገልጸው፣ በባለሙያ እጅ ምልክት የተደረገበት ጽሑፍ ከምርምር ማዕከል እንደሚወጣ መነሻ ዘር ነው። ጥራቱ የተጠበቀ፣ መጠኑ ግን ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ ነው። መነሻ ዘር በቀጥታ ለሁሉም አርሶ አደር አይዳረስም፤ ተባዝቶ የተመሰከረለት ዘር መሆን አለበት። ጥያቄው የቋንቋን መነሻ ዘር እንዴት ማባዛት ይቻላል የሚለው ነው።

ትይዩ ጽሑፍ

የማባዣው ማሳ ትይዩ ጽሑፍ ይባላል። ትይዩ ጽሑፍ ማለት በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍና የእርሱ ትርጉም ዓረፍተ ነገር ለዓረፍተ ነገር፣ ወይም አንቀጽ ለአንቀጽ ተጣምረው የሚገኙበት ስብስብ ነው።

ነገሩ ለኛ አዲስ አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ገልጦ ያየ ሰው በአንድ ገጽ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ እንደሚታተሙ ያውቃል። አንቀጽ 5 በአማርኛ ምን እንደሚል ያነበበ ሰው፣ ዓይኑን ወደ ሌላው ዓምድ ቢመልስ ያንኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። በመጽሐፍ ቅዱስም ምዕራፉና ቁጥሩ በተለያዩ ቋንቋዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ በመሆኑ፣ ከብዙ መቶ ቋንቋዎች መካከል የፈለጉትን ሁለት አጣምሮ ማየት ይቻላል። በአብነት ትምህርት ቤቶችም የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪ በመጀመሪያ የግዕዙን ንባብ፣ ቀጥሎ የአማርኛውን ትርጓሜ እየሰማ ግዕዝን በአማርኛ በኩል ይማራል። ኮምፒውተርም የሚማርበት መንገድ በመሠረቱ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው።

በዓለም ደረጃ መንገዱን ከከፈቱት ጽሑፎች አንዱ የካናዳ ፓርላማ ቃለ ጉባኤ ነው። የካናዳ ሕግ እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን እኩል ስለሚያይ የምክር ቤቱ ክርክር በሁለቱም ቋንቋዎች ተመዝግቦ ይታተማል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን መዝገብ ለኮምፒውተር ሰጥተው፣ መዝገበ ቃላትም ሆነ የሰዋስው ደንብ ሳያስተምሩት የትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ከየትኛው የፈረንሳይኛ ቃል ጋር እንደሚጣመር በቆጠራ ብቻ እንዲያገኝ አደረጉ።

ቆጠራው እንዴት ይሠራል?

በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እንውሰድ። የመጀመሪያው «ስንዴ ተዘራ» ሲሆን በአፋን ኦሮሞ «ቀመዲን ፈጫፈሜ» ነው። ሁለተኛው «ስንዴ ታጨደ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ቀመዲን ሃመሜ» ነው። ሦስተኛው «ገብስ ታጨደ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ገርቡን ሃመሜ» ነው።

አፋን ኦሮሞ የማይችል አንባቢ እነዚህን ሦስት ጥንዶች ብቻ በመመልከት ብዙ ነገር ማወቅ ይችላል። «ስንዴ» በመጀመሪያውና በሁለተኛው ላይ አለ፣ በሦስተኛው ላይ የለም፤ «ቀመዲን» የሚለውም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ጥንድ ናቸው። «ታጨደ» በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ይገኛል፤ «ሃመሜ» የሚለውም በእነዚያው ላይ ይገኛል። የቀሩትን «ተዘራ»ንና «ገብስ»ን ማጣመር ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ «ተዘራ» ከ«ፈጫፈሜ»፣ «ገብስ» ከ«ገርቡን» ጋር ይሄዳሉ።

ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በሦስት ዓረፍተ ነገሮች ፈንታ በብዙ ሺህ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓረፍተ ነገሮች ላይ መሥራቱ ነው። በመጀመሪያ ሁሉንም ቃላት ከሁሉም ጋር ይገምታል፤ ከዚያ አብረው ደጋግመው የሚታዩትን ከፍ፣ አብረው የማይታዩትን ዝቅ እያደረገ ግምቱን ያጠራል። ይህን ሲያደርግ አንድም ባለሙያ ምልክት አልሰጠውም። ምልክቱን የሰጠው ተርጓሚው ነው፤ ተርጓሚው ግን ሲተረጉም ሕግ ለሕዝብ ለማድረስ ወይም መጽሐፍ ለማስነበብ እንጂ ለኮምፒውተር ብሎ አልነበረም። የዘዴው ቁጠባ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ምልክትን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሻገር

ቃላቱ ከተጣመሩ በኋላ ሁለተኛው እርምጃ ይከተላል። አማርኛው ላይ «ስንዴ» ስም፣ «ተዘራ» ግስ ተብሎ ምልክት ተደርጎበት ከሆነ፣ ምልክቱን በጥምረቱ መስመር ወደ ሌላው ቋንቋ ማሻገር ይቻላል። «ቀመዲን» ስም፣ «ፈጫፈሜ» ግስ ይሆናሉ። በዚህ መንገድ አንድም የአፋን ኦሮሞ የሰዋስው ባለሙያ ሳይሰየም በአፋን ኦሮሞ ምልክት የተደረገበት ጽሑፍ ተገኘ ማለት ነው።

ይህን አሠራር በሰፊው ካሳዩት ቀዳሚ ጥናቶች አንዱ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ያሮውስኪና ባልደረቦቹ እ.አ.አ. በ2001 የቀረበው ነው። ተመራማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ላይ የተደረጉ ምልክቶችን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ወደ ቻይንኛ፣ ወደ ስፓኒሽና ወደ ቼክ ቋንቋዎች አሻገሩ።

የተሻገረ ምልክት ግን ስህተት አያጣውም። ተርጓሚ ስምን በግስ፣ ግስን በስም የሚተካበት ጊዜ አለ፤ ጥምረቱም ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ የማጣሪያ ሥራ ያስፈልጋል። አንዱ ማጣሪያ ጥምረቱን ከሁለቱም አቅጣጫ መሥራትና ሁለቱ የተስማሙበትን ብቻ ማስቀረት ነው። ሌላው ብዙኃኑን መከተል ነው፤ አንድ ቃል በመቶ ቦታዎች ታይቶ በዘጠና አምስቱ ስም፣ በአምስቱ ግስ ተብሎ ቢመጣ፣ አምስቱ ስህተት ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታሰባል። የዘር ማባዣ ማሳ ላይ ባዕድ ዝርያ እየተለቀመ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እዚህም ከዘሩ የማይመሳሰለው ይነቀላል።

ውጤቱ ምን ያህል ነው? ዲፓንጃን ዳስና ስላቭ ፔትሮቭ እ.አ.አ. በ2011 ባቀረቡት ጥናት፣ በስምንት የአውሮፓ ቋንቋዎች ላይ በየቋንቋው በእጅ የተሰጠ ምልክት ሳይጠቀሙ፣ ከእንግሊዝኛ በተሻገረ ምልክት ብቻ የቃል ክፍሎችን በአማካይ 83 በመቶ ያህል በትክክል መለየት ተችሏል። በባለሙያ ምልክት የሠለጠነ ፕሮግራም በእነዚህ ቋንቋዎች ከ90 በመቶ በላይ ስለሚደርስ፣ የተሻገረው ምልክት የባለሙያውን ሥራ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ነገር ግን ምንም ለሌለው ቋንቋ 83 በመቶ ከባዶ እጅ የሚበልጥ መነሻ ነው፤ ባለሙያውም ሁሉንም ከመጀመሪያው ከመሥራት ይልቅ የተሳሳተውን እያረመ መሄድ ይችላል።

አንዱ ቋንቋ የሌላውን ጥርጥር ሲፈታ

ትይዩ ጽሑፍ ሌላም አገልግሎት አለው። በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል በሌላው ቋንቋ ብዙውን ጊዜ በሁለት የተለያዩ ቃላት ይተረጎማል። ስለዚህ ትርጉሙ ራሱ የቃሉን ፍች የሚነግር ምልክት ይሆናል።

ዊሊያም ጌል፣ ኬኔት ቸርችና ዴቪድ ያሮውስኪ እ.አ.አ. በ1992 ይህንኑ በካናዳው ቃለ ጉባኤ ላይ ተጠቅመውበታል። የእንግሊዝኛው «ድራግ» የሚለው ቃል የሕክምና መድኃኒትንም አደንዛዥ ዕፅንም ያመለክታል፤ በፈረንሳይኛ ግን ሁለቱ የተለያየ ቃል አላቸው። «ላንድ» የሚለውም አንድ ጊዜ የሚታረሰውን መሬት፣ ሌላ ጊዜ አገርን ያመለክታል፤ ይህንንም ፈረንሳይኛው በሁለት ቃላት ይለየዋል። ኮምፒውተሩ የፈረንሳይኛውን ቃል አይቶ የእንግሊዝኛውን ፍች ለየ፤ ከዚያም በዙሪያው ያሉትን ቃላት አጥንቶ፣ ትርጉም በሌለበት ጽሑፍ ላይም ፍቹን መለየት ቻለ።

በአማርኛ እንዲህ ያሉ ቃላት ብዙ ናቸው። «ዋግ» የስንዴ በሽታ ነው፤ ዋግ የአገር ስምም ነው። «በቆሎ» የሰብል ስም ሊሆን ወይም «ቆሎን ይዞ፣ በቆሎ አማካይነት» ማለት ሊሆን ይችላል። «ቆሎ ይበላል» ስንል፣ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ «እርሱ ቆሎ ይበላል» እና «ቆሎ የሚበላ ነገር ነው» የሚሉት ሁለት ሐሳቦች በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ። አበበ፣ በለጠ፣ ከበደ የሚሉት ቃላት ስምም ግስም ናቸው፤ አማርኛ የሰውን ስም ለይቶ የሚያሳይ ትልቅ ፊደል የለውም። እንግሊዝኛ ግን የሰውንና የቦታን ስም በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር፣ «አዝመራ ደረሰ» የሚለው ሐረግ ትርጉሙ አጠገቡ ካለ የሰው ስም ይሁን የሰብል ዜና ወዲያው ይታወቃል።

እርዳታው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ አይደለም። በእንግሊዝኛ የስንዴ ዋግና የብረት ዝገት በአንድ ቃል «ረስት» ይባላሉ። ይህን ልዩነት ለእንግሊዝኛው የሚያስተምረው አማርኛው ነው፤ በአማርኛ ዋግ ዋግ ነው፣ ዝገትም ዝገት። «መድኃኒት» በሚለው ቃል ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። አርሶ አደሩ ለሰው የሚሰጠውንም፣ ለከብት የሚወጋውንም፣ ለአረም የሚረጨውንም «መድኃኒት» ይላል፤ እንግሊዝኛው በአብዛኛው ለየብቻ ይጠራቸዋል። በጥሩ ሁኔታ የተተረጎመ የግብርና መመሪያ ካለ ኮምፒውተሩ የትኛው መድኃኒት እንደተባለ ከዙሪያው ቃላት መለየት ይማራል።

ዘዴው የሚቸገርባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ችግር የአማርኛ ቃል በውስጡ ብዙ ነገር መሸከሙ ነው። «አልሸጥንላቸውም» የሚለው አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ግን «እኛ»፣ «አይደለም»፣ «መሸጥ»፣ «ለ» እና «እነርሱ» የሚሉትን የሚተኩ በርካታ ቃላት ይወጡታል። ከእነዚህ ሁሉ የትኛው ምልክት ለአማርኛው ቃል ይሰጥ? የቃላቱ አቀማመጥም ይለያያል፤ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ እንግሊዝኛ መሐል ላይ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት የአማርኛ ቃል ከመጣመሩ በፊት ወደ ክፍሎቹ መበተን ይኖርበታል። «ከብት» በሚለው ውስጥ ያለው «ከ» የቃሉ አካል፣ «ከገበያ» በሚለው ውስጥ ያለው «ከ» ግን መስተዋድድ መሆኑን መለየትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሁለቱም ግስን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጡ በመሆናቸው ከእንግሊዝኛ ይልቅ እርስ በርስ መጣመር የሚቀልላቸው በዚህ ረገድ ነው።

ሁለተኛው ችግር ኮምፒውተር የሚማረው ያየውን ቋንቋ ብቻ መሆኑ ነው። በሕግና በሃይማኖት መጻሕፍት ብቻ የሠለጠነ ፕሮግራም «ተደንግጓል»ንና «ይባረክ»ን አጥርቶ ሊያውቅ ይችላል፤ «ጉልጓሎ»ን፣ «አውድማ»ን ወይም «ጥማድ»ን ግን አይቷቸው ላያውቅ ይችላል። የአርሶ አደሩ የዕለት ተዕለት ንግግር በትይዩ ጽሑፍ ውስጥ ካልገባ ማሽኑ የቢሮ አማርኛ የሚያውቅ፣ የማሳ አማርኛ የማያውቅ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው የትርጉሙ ጥራት ነው። ተርጓሚው «ሁለት ጥማድ» የሚለውን በስሌት ወደ ሄክታር ቀይሮ ከጻፈው ለአንባቢው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን «ሁለት»ን ከሌላ ቁጥር ጋር ሊያጣምር ይችላል። ከዚህ የከፋው የተዘለለና የተሳሳተ ትርጉም ነው። ዛሬ ደግሞ በማሽን ተተርጉመው ያለ እርማት የሚሰራጩ ጽሑፎች በዝተዋል፤ ኮምፒውተር ከእነርሱ ሲማር የራሱን ስህተት መልሶ ይማራል። የተዳቀለ በቆሎ ከምርቱ ላይ ዘር ተይዞ ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ እንደሚቀንስ የሚያውቅ አርሶ አደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በእነዚህ ምክንያቶች በእጅ የሚሠራው ምልክት ፈጽሞ አይቀርም። የተሻገረው ምልክት ትክክል መሆኑ የሚመዘነው በሰው በተረጋገጠ ጥቂት ጽሑፍ ነው። ማሳካኔ በሚባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ አማካይነት እ.አ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ሥራ ለዚህ ምሳሌ ነው። አማርኛን ጨምሮ በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ዜናዎች ላይ የሰው፣ የቦታ፣ የድርጅትና የጊዜ ስሞች በየቋንቋው ተናጋሪዎች እጅ ተለይተው ተመዝግበዋል። መጠኑ ከትይዩ ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ቢሆንም እንደ ሚዛን ያገለግላል።

በእጃችን ያለው ሀብት

የጉግል የትርጉም አገልግሎት አማርኛን ያካተተው እ.አ.አ. በየካቲት 2016 ነው፤ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ የተጨመሩት በግንቦት 2022 ነው። ሜታ የተሰኘው ኩባንያም በዚያው ዓመት አማርኛን ጨምሮ 200 ቋንቋዎችን የሚተረጉም ሥርዓት ይፋ አድርጓል። እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች በሙሉ ከሚመገቧቸው ነገሮች አንዱ ትይዩ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከኛ አገር ምን ያህል ጥሩ ትይዩ ጽሑፍ ይገኛል?» ወደሚለው ይመለሳል።

መልሱ ከሚጠበቀው በላይ ተስፋ ሰጪ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ጋዜጣውን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢኖር የአማርኛው የበላይነት እንዳለው ደንግጓል። የአማራ ክልል ዝክረ ሕግም በሁለቱ ቋንቋዎች ይወጣል። የኦሮሚያው መገለተ ኦሮሚያ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሦስት ዓምድ ይታተማል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016ን የመሰለ፣ እያንዳንዱን አርሶ አደር የሚመለከት ሕግ በሁለት ቋንቋ ተጣምሮ ይገኛል ማለት ነው።

ከሕግ ውጭም አለ። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር አውኝ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣና የትምህርት ቋንቋ ሆነው ያገለግላሉ። በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ሥር በአማርኛና በእነዚህ ቋንቋዎች የሚዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት ለኮምፒውተር ውድ ሀብት ናቸው፤ በአማርኛ ላይ የተደረገው ምልክት ወደ አውኝና ወደ ኽምጣና የሚሻገርበት ድልድይ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ስሌት አማርኛ ከእንግሊዝኛ ተቀባይ፣ ለጎረቤቶቹ ደግሞ ሰጪ ይሆናል። እ.አ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ የስልክ መስመርም ምክሩን በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች ማቅረቡ፣ የማሳው ቋንቋ ራሱ በትይዩ ሊገኝ እንደሚችል ያሳያል።

ችግሩ የአያያዝ ነው። ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ በወረቀት ታትመው፣ ወይም እንደ ፎቶግራፍ ተነሥተው የተቀመጡ በመሆናቸው ኮምፒውተር ፊደላቸውን ማንበብ ይቸግረዋል። በኮምፒውተር ከተጻፉት መካከልም በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት የተጻፉት፣ ያ ፊደል በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.አ.አ. በ1999 ነው። በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ጽሑፍ በየትኛውም መሣሪያ ይነበባል፤ ኮምፒውተርም ይማርበታል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

መፍትሔው የሚጀምረው ውድ መሣሪያ ከመግዛት አይደለም። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ የምርምር ማዕከላት፣ የትምህርትና የፍትሕ ተቋማት በሁለት ቋንቋ ያዘጋጁትን መመሪያ፣ መጽሐፍና ደንብ ሁለቱንም ቅጂ በአንድነት፣ በዩኒኮድ ፊደል፣ የአንቀጽ ቁጥሩን ጠብቀው ቢያስቀምጡ የሥራው ግማሽ ተሠራ ማለት ነው። የአማርኛው ፋይል በአንድ ሠራተኛ፣ የእንግሊዝኛው በሌላው ኮምፒውተር ላይ ቀርቶ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ግን የተርጓሚው ድካም ለሁለተኛ ጊዜ አይጠቅምም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ድርሻ አላቸው። ከምርምር የመጣን ምክር ለአርሶ አደሩ ሲያስረዱ የሚጠቀሙበት የአካባቢ ቃል በመመሪያው ትርጉም ውስጥ ቢገባ፣ ኮምፒውተሩ የማሳውን አማርኛ ይማራል። በከተማ የሚኖሩ ተርጓሚዎችና ተማሪዎችም የማሽን ትርጉምን ሳያርሙ ባለማሰራጨት ቋንቋቸውን ከድግግሞሽ ስህተት ይጠብቃሉ።

እስከዚያው ድረስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከስልክ የተገኘ የአማርኛ መልስ የኬሚካል ስም፣ የመጠን ልክ ወይም የሕግ አንቀጽ የያዘ ከሆነ፣ ከመርጨትና ከመፈረም በፊት በልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም በሕግ ባለሙያ ማረጋገጥ ይገባል። ማሽኑ ስንዴን ከገብስ፣ ዋግን ከዝገት፣ አዝመራን ከአዝመራ የሚለየው ሰዎች በጥንቃቄ ተርጉመው ባስቀመጡለት ጽሑፍ ልክ ነው።